ቆሞ ያለ ሞተር የጣላቸው እናት፦ አንድ የጉዳይ ጥናት ከደሴ

ታካሚዋ ስልሳዎቹን ያጋመሱ እናት ናቸው። የሚኖሩት ከደሴ ወጣ ብሎ በገራዶ በኩል፣ ሚኒባስ በማይገባበት፣ ክረምት ሲሆን ባጃጅም በማይደፍረው መንደር ነው። እኔ በምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል የመጡት የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰብሮ፣ ጄሶው ከተፈታ በኋላ ጣታቸው አልታጠፍ ብሏቸው ነበር። ይዘውት የመጡት ወረቀት የጉዳቱን ምክንያት በሁለት ቃል ይገልጸዋል፦ «የሞተር አደጋ»። ይህን ያነበበ ሁሉ ፍጥነት፣ ግጭት፣ ጠጠር ላይ መንሸራተት ነው የሚታየው። እሳቸውን ስጠይቃቸው ግን «ኧረ ሞተሩስ ቆሞ ነበር ልጄ፤ ስወርድ ነው የወደቅሁት» አሉኝ።

ጉዳዩን ዘርዝሬ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው መልሳቸው ነው። ሞተር የሚነዳ ሰው ማርሽ መቀየር፣ ኩርባ መያዝ፣ ፍሬን መጠቀም ይማራል። ኋላ የሚቀመጠው ሰው እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ግን የሚያስተምር አላየሁም፤ ሁሉም እንደለመደው ይንጠላጠላል። ጉልበቱ ደኅና ለሆነ ወጣት ይህ ያስኬዳል። ለአረጋዊ፣ ልጅ ላዘለች እናት፣ ከሕመም ላገገመ ሰው አያስኬድም። እናትም ልጅም ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና የመንደራቸውን ስም ግን ትቼዋለሁ።

አወዳደቃቸው

ሁለቱንም ለየብቻ አነጋገርኳቸው፤ የነገሩኝ አንድ ነው። ልጁ ለሥራው በየቀኑ ሞተር የሚነዳ ጠንቃቃ ሰው ነው። የዚያን ዕለት እናቱን ያመጣቸው ለግራ ጉልበታቸው ሐኪም ሊያሳያቸው ነበር፤ መገጣጠሚያው ተበልቶ ደረጃ መውጣት ካስቸገራቸው ዓመታት አልፈዋል። ዳገቱን እየወጣ የሚሄዱበት በር ጋ ሲደርስ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ይዞ ቆመ። ሞተሩን አላጠፋውም፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ነው። ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በቀኝ እግሩ የኋላውን ፍሬን ረግጧል። ስለዚህ መሬት የነካው ግራ እግሩ ብቻ ነው፤ መንገዱም እዚያ ላይ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። ከኋላቸው ባጃጅ ክላክስ ያደርጋል።

እናት እንደ ልማዳቸው በግራ በኩል ሊወርዱ ተነሡ። ግራ እግራቸውን መርገጫው ላይ ተክለው ቀኙን በወንበሩ ላይ አሻግረው ወደ መሬት ማውረድ ጀመሩ። ያን ጊዜ መላ ክብደታቸውን የተሸከመው የታመመው ጉልበት ነው። ልጅ ደግሞ እናቱ ስትቸገር ፊቱን አዙሮ አይቀመጥም፤ ግራ እጁን ከመሪው አንሥቶ ወደ ኋላ ዞረና ዘረጋላቸው። እጁን እንደያዙ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሞተሩም ልጁም ተከትለዋቸው ወደ ግራ ሄዱ። እሳቸው በቀኝ መዳፋቸው መሬቱን ሊመክቱ ሲሞክሩ አንጓው ተሰበረ።

ጭንቅላታቸው አልተመታም፣ ሞተሩም እግራቸው ላይ አላረፈም፣ ባለባጃጁም በጊዜ ቆሞላቸዋል። አንዳንዱ ወጌሻ ቤት ውሰዳት ቢለውም ልጁ ወዲያው ራጅ አስነሥቶ አጥንቱ በወጉ ተጠገነ።

ልጁ እኔ ጋ ሲመጣ ራሱን እየወቀሰ ነበር። «እጄን ባልዘረጋ ኖሮ...» ይላል፣ ከዚያ ደግሞ «እጄን ሳልሰጣትስ እንዴት እቀመጣለሁ?» ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሰውን የመደገፍ ልማዳችን እጅ መስጠት ነው፤ ታላቅን ስናወርድ ዞረን፣ ጎንበስ ብለን፣ ክንድ ይዘን ነው። ሞተር ላይ ግን የሚደገፈው ሰው የቆመበት ነገር ራሱ ነጂው ነው። ነጂው ሲዞር መሬቱ እንደዞረ ይቆጠራል። ለልጁ መጀመሪያ የነገርኩት ይህን ነው፦ እናትህን የምትደግፋት ባለመነቃነቅ ነው።

አምስት ነገር በአንድ ጊዜ

እናትን የጣሏቸው አምስት ነገሮች ናቸው፤ ከሚወርዱበት ጎን ልጀምር። ሰው ሁሉ ሞተር ላይ የሚወጣው በግራ ነው፤ የጎን ስታንዱ በግራ ስለሆነ ሞተሩ የሚያጋድለው ወደዚያ ነው፣ የሚያቃጥለው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ደግሞ በቀኝ ነው። እዚህ አገር ከሚነዱት ሞተሮች ብዙዎቹ የሕንድ ሥሪት ናቸው። ሕንድ ውስጥ ተሽከርካሪ የሚሄደው በግራ ስለሆነ በግራ የወረደ ሰው እግረኛ መንገድ ላይ ነው የሚያርፈው። እኛ ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው። ጠርዝ ይዞ ከቆመ ሞተር በግራ የሚወርድ ሰው ጀርባውን ለባጃጅና ለሚኒባስ ሰጥቶ አስፋልቱ መካከል ይወርዳል ማለት ነው። ልማዱን ሁላችንም ሳንጠይቅ ተቀብለነዋል።

ሁለተኛው ጉልበቱ ነው። በሰው ሠራሽ ጉልበት ውስጥ መለኪያ ተገጥሞ በተደረጉ ጥናቶች፣ ሰው ደረጃ ሲወጣ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት ሦስት እጥፍ ያልፋል፤ ሲወርድ ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ሲወጣ ነው፤ ሲወርድ «ደረስን» ብሎ ይዘናጋል። የልጁን ሞተር ግቢ ውስጥ አቁመን በሜትር ስንለካው መርገጫው ከመሬት 38 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። የተለመደ ደረጃ 17 ወይም 18 ሴንቲ ሜትር ነው። እኒህ እናት ቤታቸው ያለችውን አንዲት ደረጃ ግድግዳ ይዘው የሚወጡ ሰው ናቸው፤ ሞተሩ የጠየቃቸው ሁለት ደረጃ በአንድ እርምጃ፣ ያውም በታመመው እግር ነው።

ሦስተኛው የክብደቱ አቀማመጥ ነው። አንድ መቶ አሥር፣ አንድ መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሞተር ቀጥ ብሎ ሲቆም ለነጂው ቀላል ነው። ሰው መርገጫው ላይ ሲቆም ግን ክብደቱ ከሞተሩ መካከል ወጥቶ በአንድ ጎን ይንጠለጠላል። ያንን የሚመልሰው የነጂው እግር ነው፤ እግሩ ሰፋ ብሎ ካልተተከለ አይችለውም። ለእናት ይህን ለማስረዳት ስሞክር ከአፌ ነጥቀው፦ «በቅሎ ላይ ስወጣ ወዲያ በኩል እርካቡን የሚይዝልኝ ሰው ነበር፤ ኮርቻው እንዳይዞር። የዚህኛው እርካብ ማን ሊይዝ ኖሯል?» አሉ። ከእኔ ማብራሪያ የእሳቸው ይሻላልና ከዚያ ወዲህ ለሌሎችም የምናገረው እሱን ነው።

አራተኛው ዳገቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ደሴ ውስጥ ሜዳ ፈልጎ መቆም ቀላል አይደለምና። ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከፒያሳ ወደየትም ብትሄድ ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ። ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጎ የቆመ ሞተር ክብደቱን ወደ ኋላ ጎማ ይጥላል፤ ኋላ ሰው ሲጨመርበት የፊት ጎማው ይበልጥ ይቀላል። ስለዚህ የፊት ፍሬን ብቻ ቢያዝ ጎማው ሳይዞር ጠጠሩ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። የኋላው ፍሬን የተሻለ ይይዛል፣ ግን እሱን ለመርገጥ ቀኝ እግር ከመሬት መነሣት አለበት። ልጁ የገባበት ወጥመድ ይህ ነው። መውጫው ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ ውስጥ መተው ነው። ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ሲለቀቅ የጠፋው ሞተር በካቴናው በኩል የኋላውን ጎማ ቆልፎ ይይዛል። ትንሽ ተንፏቆ እስኪይዝ ይጠበቃል፣ የፊት ፍሬን ይጨመርበታል፣ ሁለቱም እግሮች መሬት ላይ ናቸው። ቁልቁልም ቢሆን ያው ነው። በጎን ስታንድ አቁሞ ሰው ማውጣትና ማውረድ ግን በዚህ ከተማ መሬት ላይ አልመክርም፤ ሞተሩ ትንሽ ወደ ፊት ከተንከባለለ ስታንዱ ይታጠፋል።

አምስተኛው ያ ክላክስ ነው። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሰው ሲወርድ እያዩ ክላክስ ማድረግ ነውር ነው።

በቀኝ ቢሆንስ?

በፊዚዮቴራፒ ለታካሚ ሁሉ የምናስተምረው አንድ ሕግ አለ፦ ስትወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ የታመመው። ጤነኛው ሰውነቱን ያነሣል፣ ሲወረድም ጎንበስ ብሎ የሚያወርደው እሱው ነው። ይህን ወደ ሞተሩ አመጣሁት። የታመመው ግራ ጉልበት ስለሆነ፣ በግራ ሲወጡም ሲወርዱም መርገጫው ላይ የሚቆመው የታመመው ነው። በቀኝ ከሆነ ግን መርገጫውን የሚረግጠው ጤነኛው ቀኝ እግር ነው፤ ሲወርዱም ቀኙ ተሸክሞ ግራው ወደ መሬት ይቀድማል። በዚያ ላይ የቀኙ ጎን የጠርዝ ጎን ነው፣ ከመኪና ይርቃል።

ችግሩ ማርሚታው ነው። የኋላ ተሳፋሪዎችን ቀኝ ባት የሚያይ ባለሙያ ያቺን ሞላላ ጠባሳ ያውቃታል። ገና የቆመ ሞተር ማርሚታ ቆዳን በቅጽበት ያቃጥላል። (ከተቃጠለም ለሃያ ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ማቆየት እንጂ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም መቀባት አያስፈልግም።) ልጁ ብየዳ ቤት ወስዶ ማርሚታው ላይ በጣት ያህል ርቀት የተነጠለ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የላሜራ ከለላ አስገጠመ። የግራው ጎንም የራሱ አደጋ አለው፤ ካቴናውና የጎማው ሽቦ ነጠላና ቀሚስ የሚጎትቱት በዚያ ነው። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የተሽከርካሪ ደንብ እያንዳንዱ ሞተር ለኋላ ተሳፋሪ መያዣ፣ መርገጫ፣ እንዲሁም የኋላውን ጎማ ቢያንስ ግማሹን የሚሸፍን መከለያ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ የሴቶቹ ረጅም ልብስ እንዳይገባ ነው። የልጁ ሞተር ላይ መከለያው አልነበረም። በያጁ እሱንም ሠራለት፤ መያዣውንም አጠበቀው።

ስለ ልብስ ከእናት ጋር በግልጽ ተነጋገርን። አንዳንድ ሴቶች እግራቸውን ከፍተው መቀመጥ ስለሚያፍሩ በጎን ይቀመጣሉ። ክብራቸውን እረዳለሁ፤ ግን በጎን የተቀመጠ ሰው ክብደቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው፣ ሁለተኛ መርገጫም የለውም። እሳቸው ከቀሚሳቸው ሥር ሰፊ ሱሪ ለበሱ፣ ነጠላቸውን ወደ ፊት አመጡና ጫፉን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ልጁም ሁለተኛ ሄልሜት ገዛ። ሄልሜቱ የሚደረገው መሬት ላይ ቆሞ ነው፤ የሚወልቀውም ከወረዱ በኋላ።

ልምምዱ

ከእናት በፊት ልጁን ነው ኋላ ያስቀመጥኩት። ሞተር የሚነዳ ባልደረባዬ ፊት ተቀመጠ፣ ልጁ አንድ ጉልበቱን ሳያጥፍ እንዲወጣና እንዲወርድ አደረግነው። በሁለተኛው ሙከራ ባልደረባዬ ሆን ብሎ ትከሻውን ትንሽ አዞረ፤ ልጁ ደንግጦ ወንበሩን ጨበጠ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚሰማት?» አለ። ከዚያ ወዲያ ምክር አላስፈለገውም።

ለእናት ያስቸገረው ከፍታው ነው። ቤታቸው ደጃፍ መደብ ስላለ እዚያ ቀላል ሆነ፦ ልጁ ሞተሩን ቀኝ ጎኑ ወደ መደቡ ሆኖ ያስጠጋዋል፣ እሳቸው መደቡ ላይ ቆመው ይወጣሉ። ለከተማው ግን ልጁ በርጩማ ይዞ መጣ፤ መለስኩት። በርጩማ ለመቀመጫ ነው፤ ጠርዙ ሲረገጥ ይገለበጣል። በምትኩ ከወፍራም ጣውላ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከሥሩ ሰፊ የሆነ ሣጥን አሠራ፣ ላዩ ላይ እንዳያንሸራትት የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቸነከረበት። ከኋላ በከመነዳሪ ላስቲክ አስሮ ይይዘዋል። በሣጥኑ ላይ ሲቆሙ መርገጫው 18 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀረዋል፤ አንድ ደረጃ ማለት ነው። ከኋላ የታሰረ ነገር እግር ሲሻገር እንዳይጠልፍ ሣጥኑ ቀድሞ ወርዶ ነው የሚጠብቀው፤ ይህን የሚያደርግ ሦስተኛ ሰው ካለ ጥሩ ነው፣ ከሌለ ለመውጣት ልጁ ራሱ አስቀምጦ ነው ወንበሩ ላይ የሚወጣው። ለመውረድ ግን ሰው የግድ ይፈለጋል፣ ወይም ከፍ ያለ የመንገድ ጠርዝ።

ልምምዱን የጀመርነው በቀዘቀዘ ሞተር፣ በደልዳላ ግቢ ነው። ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ሁለት እግሩን ሰፋ አድርጎ ተከለ፤ ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ ፊት ለፊት። እናት ሳይጠይቁ አይነሡም፣ እሱ ሳይመልስ አይወጡም።

«ልውጣ?»

«ውጪ እማዬ።»

ቀኝ እግር መርገጫው ላይ፣ ግራ እጅ የኋላው መያዣ ላይ። ቀኙ እጅ የልጁን ትከሻ መያዝ ነበረበት፤ አንጓው ገና ስላልጠነከረ ግን በመዳፍ መጫኑ ያማቸዋል። ስለዚህ ከክርን እስከ አንጓ ያለውን ክንዳቸውን በሙሉ ትከሻው ላይ እንዲያጋድሙ አደረግን። ይህ ካሰብነው በላይ ሠራ፦ በመዳፍ የሚይዝ ሰው ሲደናገጥ ልብስ ይጎትታል፣ በክንድ የሚደገፍ ግን ወደ ታች ይጫናል እንጂ አይጎትትም። ቀጥ ብለው ከቆሙ በኋላ ግራ እግራቸውን በወንበሩ ላይ ያሻግራሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ዳሌያቸውን ለመያዝ ተዘጋጅቻለሁ፤ ሞተሩን ግን አልነካውም፤ ሁለት ሰው በያዘው ሞተር ማን እንደያዘው አይታወቅም። ተቀምጠው ሁለቱም እግሮች መርገጫቸውን ሲያገኙ «አብሽር፣ ንዳ» ይላሉ። ቃሉን የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

ሲወርዱም «ልውረድ?» ብለው መልሱን ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ላይ ያስቸገረን መልሱን አለመጠበቃቸው ነበር፤ ሞተሩ እንደቆመ መነሣት ልማድ ሆኖባቸዋል። ልጁም «ቆይ» ማለት ያፍር ነበር። አፍረቱ የለቀቀው እናቱ ራሳቸው «ቆይ በለኝ እንጂ! ዝም ብለህ ልትሰብረኝ ነው?» ሲሉት ነው።

ጎን ለጎን የጉልበቱን ሥራ ቀጠልን፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ የጭን ጡንቻ ማጠንከር፣ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ። ጡንቻው ካልጠነከረ ሣጥኑም ከለላውም ብቻቸውን አያደርሱም። የእጃቸው ጣትም በዚያው ሰሞን መጨበጥ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ

ቀጠሮ በመጡ ቁጥር በር ላይ ወጥቼ አያለሁ። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ቆሞ ነበር፤ ልጁ እንደወትሮው በሩ አጠገብ ሊያቆም ሲል እናት ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወደ ፊት እንዲነዳ አደረጉት። ኮብልስቶኑ እዚያ ላይ ጭቃ አለው፤ አለፍ ብሎ ግን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ከፍ ያለና የደረቀ ነው። እዚያ ቆሙ፣ ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው፣ ያለ ሣጥን ጠርዙ ላይ ወረዱ። ቦታ መምረጥ የነጂው ሥራ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስተምረው፤ ከእሳቸው በኋላ ለተሳፋሪዎችም «እዚህ አልወርድም ማለት ትችላላችሁ» እላለሁ።

ያልተፈታ ነገር አለ። ልጁ ለሥራ ሲርቅ እናት የሌላ ሰው ሞተር ይሳፈራሉ፤ ያ ሞተር የማርሚታ ከለላ የለውም፣ ነጂውም ልምምዱን አያውቅም። በቀኝ ውጡ ብለን ብቻ መተው ባታቸውን ማስቃጠል ነው። ለጊዜው የተስማማነው በሰው ሞተር ሲሄዱ ወፍራም ሱሪያቸው እንዳይቀር፣ ከፍ ያለ ጠርዝ ወይም መደብ ያለበት ቦታ ካልሆነ እንዳይወርዱ፣ ነጂውንም ሳይሳፈሩ በፊት ሦስት ነገር እንዲያዙት ነው፦ ሞተሩን አጥፋ፣ ማርሽ አስገባ፣ ሁለት እግርህን ትከል። ባለፈው ሲመጡ አንዱ ሞተረኛ «እማማ፣ እኔ ስንቱን አመላልሻለሁ» ብሎ ሊያልፋቸው እንደሞከረ ነገሩኝ። ምን አሉት ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ሌላ ሞተር ጠራሁ» አሉኝ።